«ጌት» ሁልጊዜ «አገኘ» አይደለም

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር፣ እንደምን ነዎት? ጅማ ውስጥ አንድ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት እሠራለሁ። እንግሊዝኛዬ መጥፎ አይደለም ብዬ አስብ ነበር። ባለፈው ግን አንድ እንግዳ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ስነግረው ‹ሶሪ፣ አይ ዲድንት ጌት ዛት› አለኝ። ክፍሉ ውስጥ የጎደለ ነገር ያለ መስሎኝ ‹ምኑን ነው ያላገኙት? ፎጣ ነው?› አልኩት። ሳቀብኝ። መዝገበ ቃላት ሳይ ‹ጌት› ሥር ያለው ዝርዝር ማለቂያ የለውም። ሁሉንም መሸምደድ አለብኝ? አሜሪካኖቹ የሚሉት ‹ጎትን›ስ ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እንግዳው ያለሽ «አልሰማሁሽም፣ ድገሚልኝ» ነው። ፎጣውማ አልጋው ላይ ነበር።

ዝርዝሩን መሸምደዱን ተዪው። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ግሶች በሽምደዳ አይያዙም። የኦክስፎርድ ትልቁ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም በ1989 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ረጅሙን ሐተታ የያዘው «ሴት» (set) የሚለው ግስ ነበር። በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ብቻ ያላት ቃል ማለት ነው። ኋላ ላይ ደግሞ «ረን» (run) በለጣት። እንግሊዞቹ ራሳቸው ይህን ሁሉ ትርጉም ቁጥር ሰጥተው አልተማሩትም።

እኛስ ብንሆን? «በላ»ን እዪው። እንጀራ ይበላል። ዕቁብ ይበላል። ጉቦ ይበላል። ብረትን ዝገት ይበላዋል። ጀርባንም ይበላል፣ ታኪዋለሽ። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «ጀርባዬን በላኝ» ሲባል ቢሰማ ማን በላው ብሎ ይደነግጥ ይሆናል። አንቺ ግን ግራ ገብቶሽ አያውቅም፤ ከ«በላ» አጠገብ የቆመውን ቃል ታያለሽና።

«ጌት»ም የሚፈታው እንደዚያው ነው። ከኋላው የመጣውን ቃል እዪ። ስም ነው? ቅጽል ነው? ቦታ ነው? ሌላ ግስ ነው? ትርጉሙን የሚወስነው እሱ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ከጭንቅላትሽ እንድታወጪልኝ እፈልጋለሁ። ትምህርት ቤት «ጌት ማለት አገኘ» ተብለን ነው የተማርነው። ስህተት አይደለም፤ ግን ያስራል። በእኔ እምነት ከ«አገኘ» ይልቅ «ገባ» ለ«ጌት» ይቀርበዋል። እስቲ አስቢው። ቤት ገባ። ዕዳ ውስጥ ገባ። ጭቅጭቅ ውስጥ ገባ። «ማታ 12 ሰዓት ጅማ ገባን።» «አሁን ገባኝ።» እነዚህን ሁሉ እንግሊዝኛው በ«ጌት» ይላቸዋል። የጅማ ልጅ ስለሆንሽ ደግሞ ኦሮምኛውም ይረዳሻል። «ናፍ ገሌራ» ሲባል «ገብቶኛል» ማለት ነው አይደል? ግሱ መግባት ነው። በሁለቱም ቋንቋችን ሐሳቡ ወደ እኛ ይገባል፤ በእንግሊዝኛ ሰውየው ሐሳቡን ይይዘዋል። «አይ ጌት ኢት» ያ ነው። የዋይፋዩ እንግዳም የይለፍ ቃሉ ሊገባው አልቻለም።

«ጌት» በደፈናው ከነበሩበት ወደ ሌላ መሻገር ነው። እጅሽ ያልነበረ ነገር እጅሽ ይገባል። ያልነበርሽበት ቦታ ትደርሻለሽ። ያልነበርሽበት ሁኔታ ውስጥ ትሆኛለሽ። ይህን ከያዝሽ ግማሹን ጨረስሽ።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ከኋላው ስም ከመጣ ቀላል ነው። አገኘ፣ ተቀበለ፣ ገዛ፣ አመጣ፣ ያዘ ከሚሉት አንዱ ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ ነገሩ ራሱ ይነግርሻል። ደብዳቤ ከሆነ ደረሰኝ ነው። በ200 ብር ከሆነ ገዛሁት ነው። ጉንፋን ከሆነ ያዘኝ ነው። እዚህ ላይ ልዩነቷን ልብ በዪ፤ በእኛ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፣ በእነሱ ሰው ጉንፋንን ያገኛል። ስለዚህ «ዘ ኮልድ ጎት ሚ» አትበዪ፤ «አይ ጎት ኤ ኮልድ» ነው።

ለሥራሽ የሚያስፈልጉሽ ሁለት አሉ። «ካን አይ ጌት ኤ ማኪያቶ?» ትእዛዝ ነው፤ ማኪያቶ ይምጣልኝ ማለት ነው። ከአሜሪካ የመጣ አነጋገር ነው። ብዙ እንግሊዞች «ካን አይ ሃቭ» ይላሉ፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ሌላው ሰው «ካን አይ ጌት» ሲል ይበሽቃሉ። ለአንቺ ሁለቱም ያው ማኪያቶ ነው። መልስሽ «አይል ጌት ኢት ፎር ዩ» ይሁን፤ አመጣልዎታለሁ። ሁለተኛው «ኩድ ዩ ጌት ዘ ዶር?» ነው። እጁ በሻንጣ የተያዘ እንግዳ እንዲህ ካለሽ በሩን ክፈችልኝ ማለቱ ነው። ስልክ እየጮኸ «ጌት ዘ ፎን» ከተባልሽ ደግሞ አንሺው።

ከኋላው ቅጽል ሲመጣ ግን ቆም እንበል። የእኛ ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ከአማርኛችን የመጣ ነው።

አማርኛ ለውጥን በግስ ይናገራል። ደከመ፣ ተናደደ፣ ታመመ፣ አረጀ፣ ረጠበ፣ ቀዘቀዘ፣ መሸ፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ግስ ነው። ለውጡ ግሱ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ግን ለአብዛኛው እንዲህ ያለ ግስ የለውም። ያለው ቅጽል ነው፤ ቅጽል ደግሞ ብቻውን አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ለውጡን የሚሸከምለት ያስፈልገዋል። ተሸካሚው «ጌት» ነው።

እስቲ «ደከመ»ን በእንግሊዝኛ እናራባው። «ደክሞኛል» ስትዪ አሁን ያለሽበትን ነው የምትናገሪው፤ «አይ አም ታየርድ»። እዚህ «ጌት» የለም። «እየደከመኝ ነው» ስትዪ ለውጡ እየመጣ ነው፤ «አይ አም ጌቲንግ ታየርድ»። «ቶሎ ይደክመኛል» ካልሽ «አይ ጌት ታየርድ ኢዚሊ»። «ትናንት ደከመኝና ተኛሁ» ደግሞ «አይ ጎት ታየርድ» ብሎ ይጀምራል። ያለሽበት ከሆነ «አም»፣ የገባሽበት ከሆነ «ጌት»። በሌላውም እንዲሁ ሞክሪው። ቡናው ቀዝቅዟል፤ «ኢዝ ኮልድ»። ቡናው እየቀዘቀዘ ነው፤ «ኢዝ ጌቲንግ ኮልድ»። እየመሸ ነው፤ «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ»። ዝናብ መቶሽ ከገባሽ፣ ጅማ ላይ ደግሞ ይህ ብርቅ አይደለም፣ «አይ ጎት ዌት» ነው።

ጋብቻም እዚሁ ይገባል። «አግብቻለሁ» ማለት «አይ አም ሜሪድ» ነው። «ባለፈው ዓመት አገባሁ» ግን «አይ ጎት ሜሪድ ላስት ይር»። ክፍል ውስጥ በየጊዜው የምሰማው «አይ አም ሜሪድ ላስት ይር» ነው። ሁለቱ ተጋጭተዋል፤ አንዱ ያሉበትን ይናገራል፣ ሌላው የገቡበትን ቀን። ሌላም አለ። አማርኛው «ከእሱ ጋር ተጋባሁ» ስለሚል እንግሊዝኛውንም «ዊዝ» ማስከተል ይቀናናል። «ቱ» ነው የሚባለው።

«ቢካም» አይሆንም ወይ የሚል ይኖራል። ይሆናል፤ ግን መጽሐፍ መጽሐፍ ይሸታል። ማንም ሰው ወጥ ቤት ቆሞ «ዘ ኮፊ ኢዝ ቢካሚንግ ኮልድ» አይልም። በአንጻሩ ስም ሲከተል «ቢካም» ግድ ነው። «ሂ ቢኬም ኤ ዶክተር» ማለት ሐኪም ሆነ ነው። «ሂ ጎት ኤ ዶክተር» ካልሽ ሐኪም ጠራ፣ ሐኪም አመጣ ይሆንብሻል።

«ለመደ»ንም ሳልረሳው። «የጅማን ዝናብ እየለመድኩት ነው» የሚል እንግዳ «አይ አም ጌቲንግ ዩዝድ ቱ ዘ ሬይን» ይላል። «አይ ዩዝድ ቱ» ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ድሮ አደርግ ነበር ማለት ነው። «ጌት» ወይም «አም» ስትኖር መልመድ፣ ሁለቱም ሳይኖሩ ትዝታ።

ቦታ ሲከተል መድረስ ነው። «ሃው ዱ አይ ጌት ቱ ዘ ፓላስ?» የሚልሽ እንግዳ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንዴት የግሌ ላድርገው ማለቱ አይደለም። ቤተ መንግሥቱ ያለበት ጅሬን በምን ይኬዳል ነው የሚልሽ። «ቱ» የማትገባባቸው ቃላት አሉ፤ ለምሳሌ ሆም፣ ሂር እና ዜር። «ጌት ሆም» እንጂ «ጌት ቱ ሆም» አይባልም። ሰዓት ስትነግሪ ደግሞ የፈረንጁን ሰዓት አስቢ። «12 ሰዓት ትገባላችሁ» ለማለት «ዩል ጌት ዜር አት ትዌልቭ» ካልሽ እኩለ ቀን ይጠብቃሉ።

መሳፈርና መውረድም በ«ጌት» ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ «ኦን» ነው ወይስ «ኢን» እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ውስጡ ቆመሽ መሄድ ከቻልሽ ወይም ላዩ ከተፈናጠጥሽ «ጌት ኦን» ነው፤ አውቶቡስ፣ አውሮፕላን፣ ፈረስ፣ ሞተር። አጎንብሰሽ ገብተሽ የምትቀመጪበት ከሆነ «ጌት ኢን» ነው፤ መኪና፣ ባጃጅ። መውረዱ እንደ መውጣቱ ነው። ከአውቶቡስ «ጌት ኦፍ»፣ ከባጃጅ «ጌት አውት»። እኛ «ወራጅ አለ!» ብለን ሁሉንም እንገላገላለን።

አሁን ደግሞ ወደምወደው ቦታ መጣሁ። ከ«ጌት» ኋላ ያለቀ ግስ (ፓስት ፓርቲሲፕል የሚሉት) ሲመጣ የእኛን «ተ» ይተካል። ተሰረቀ፣ «ጎት ስቶለን»። ከሥራ ተባረረ፣ «ጎት ፋየርድ»። «ዎዝ» ማለትም ይቻላል። «ጌት» የሚመረጠው ሰውየው ላይ አንድ ነገር ሲደርስበት ነው፤ ክፉም ይሁን ደግ። ስለዚህ ለሁሉም አይሆንም። ቤተ መንግሥቱን ለእንግዳ ስታስጎበኚ «ኢት ዎዝ ቢልት» በዪ። «ኢት ጎት ቢልት» ያልተጠበቀ ነገር የደረሰ ያስመስለዋል። «ተወለድኩ»ም «ዎዝ ቦርን» እንጂ በ«ጌት» አይባልም።

በመሐል ሌላ ስም ከገባ ግን «ተ» ወደ «አስ» ይቀየራል። ጫማ አስጠረግሁ፣ ልብስ አሳጠብኩ፣ ቤቱን ቀለም አስቀባሁ፣ ቀሚስ አሰፋሁ። ሥራውን ሌላ ሰው ሠራው፤ ያሠራሽው አንቺ ነሽ። እንግሊዝኛው «አስ» የለውም። መጀመሪያ «ጌት»፣ ከዚያ ዕቃው፣ መጨረሻ ላይ ያለቀው ግስ ይመጣል። «አይ ጎት ማይ ሹዝ ክሊንድ።» ቅደም ተከተሉን አትሳቺ፤ ዕቃው መሐል ነው። እንግዳ «ካን አይ ጌት ማይ ሸርት ዎሽድ?» ካለሽ ሸሚዜን ማሳጠብ እችላለሁ ወይ ማለቱ ነው። ራሱ ሊያጥብ መዘፍዘፊያ እየጠየቀሽ አይደለም።

ፀጉርና ፎቶ ላይ አማርኛ ያሳስተናል። «ፀጉሬን ተቆረጥኩ» እንላለን፣ «ፎቶ ተነሳሁ» እንላለን። «አስ» የለበትም። ስለዚህ «አይ ከት ማይ ሄር» ብለን እናርፈዋለን። የሚሰማሽ ፈረንጅ መስታወት ፊት መቀስ ይዘሽ ይታየዋል። «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» ነው። ፎቶውም «አይ ጎት ማይ ፎቶ ቴክን»።

ከ«አስ» ሳንወጣ አንድ ልጨምር። «አስከፈልኩት» ስንል አስገድጄው ይሁን አግባብቼው አይታወቅም፤ ጆሮ ከወሬው ይለየዋል። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። «አይ ሜድ ሂም ፔይ» ካልሽ ማምለጫ አሳጥተሽዋል። «አይ ጎት ሂም ቱ ፔይ» ካልሽ ለምነሽም ተከራክረሽም በስተመጨረሻ እሺ አሰኝተሽዋል። በ«ሜክ» ላይ «ቱ» የለም፣ በ«ጌት» ላይ አለ። ሳይከፍል ሊሄድ ስላለ እንግዳ ለአለቃሽ ሪፖርት ስታደርጊ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

«ቱ»ን ካነሳን አይቀር ትልቁን ወጥመድ ላሳይሽ። እንግዶችሽ ማታ ሲመለሱ «ዊ ጎት ቱ ሲ ዘ ፓላስ» ካሉሽ አይተውታል፤ ዕድሉን አግኝተን አየነው ነው የሚሉሽ። «ዊቭ ጎት ቱ ሲ ዘ ፓላስ» ካሉሽ ግን ገና አላዩትም፤ የግድ ማየት አለብን እያሉ ነው። በመሐላቸው ያለችው አንዲት «ቭ» ናት። እሷም በፍጥነት ሲናገሩ ትዋጣለች። አሜሪካኖች ደግሞ «ጎት ቱ»ን ጨፍልቀው «ጋራ» ያደርጉታል። ታዲያ በምን ልለይ ትዪኝ ይሆናል። በጊዜው። «የስተርደይ» ካለበት አይተዋል፤ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ እንዴት ነበር?» በያቸው። «ቱሞሮ» ወይም «ከመሄዳችን በፊት» ካለበት ባጃጅ ጥሪላቸው።

የድምፁን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ አሜሪካዊ ሲሆን «ጌት ኢት» «ጌሪት» ሆኖ ይሰማሻል። «ጎት ዩ» ደግሞ «ጋቻ»፤ ገብቶኛል፣ ይዤሃለሁ ማለት ነው። አዲስ ቃል መስሎሽ መዝገበ ቃላት እንዳትገልጪ።

«ጌት» ከትንንሽ ቃላት ጋር ተጣምሮ የሚሠራቸውን ሁሉ አልዘረዝርልሽም። የሚበዙትን ብቻ። «አይ ኩድንት ጌት ስሩ» ስልኩ እምቢ አለኝ፣ መስመር አጣሁ ነው፤ እዚህ አገር በደንብ ትጠቀሚበታለሽ። «አይል ጌት ባክ ቱ ዩ» አጣርቼ አሳውቅዎታለሁ ነው። መልሱን ሳታውቂ ስትቀሪ ይህችን በያት፤ «አላውቅም» ከማለት ትሻላለች። «ጌት ኦቨር» ከበሽታ ከሆነ መዳን፣ ከፍቅረኛ ከሆነ መርሳት ነው። «ጌት አሎንግ» መስማማት። «ጌቲንግ ባይ» ኑሮ እንዴት ነው ሲሉት «አለን፣ እየገፋን ነው» እንደሚለው ሰው ነው። «ጌት ሎስት» ሁለት መልክ አለው። «ዊ ጎት ሎስት» መንገድ ጠፋን ነው፤ መርካቶ ገብቶ መውጫው የጠፋው እንግዳ ይላታል። ፊት ለፊትሽ ቆሞ «ጌት ሎስት!» ካለሽ ግን ጥፊ ከፊቴ ማለቱ ነው፤ እኛም በ«ጠፋ» እንደምንሳደበው። «ጌት አውት!»ም እንዲሁ ውጪ ነው። ግን እየሳቀ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ካለሽ «አትቀልጂ! እውነትሽን ነው?» ነው፤ አትከፊ።

አንድ ቦታ ላይ ግን «ጌት»ን ቆጥቢያት። የሥራ ማመልከቻና ለውጭ ድርጅት የሚሄድ ኢሜይል ላይ ቀለል ያለች፣ የአፍ ቃል ናት። «ዲግሪዬን አገኘሁ» ለማለት «ጎት» ሳይሆን «ሪሲቭድ» ወይም «ኦብቴንድ» ጻፊ። መድረስ «አራይቭ»፣ መሆን «ቢካም» ይሁን። እዚያ መጽሐፍ መጽሐፍ መሽተቱ አይጎዳም። ጠረጴዛሽ ጋ ቆመሽ ስታወሪ ግን «ኦብቴን» ካልሽ ፍርድ ቤት ያለሽ ይመስላል።

ወደ «ጎትን» ጥያቄሽ ልመለስ። ትክክል ነው። ብዙ ሰው አሜሪካኖች ያበላሹት ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። «ጌት» ራሷ ወደ እንግሊዝኛ የመጣችው ቫይኪንጎች ይናገሩት ከነበረው የሰሜን ሰዎች ቋንቋ ነው፤ «ዜይ» እና «ቴክ»ም ከዚያው ናቸው። «ጎትን» ደግሞ ድሮ እንግሊዝ አገርም ይነገር የነበረ ነው። በኋላ እንግሊዞቹ ተዉት፣ አሜሪካኖቹ ያዙት። እንግሊዝ ውስጥ «ኢል ጎትን» በሚለው፣ ያለ አግባብ የተገኘ ሀብት ሲባል፣ እስካሁን አለ።

አሜሪካኖች ሁለቱንም ስለያዙ የሚጠቅም ልዩነት አገኙበት። «አይቭ ጎት ኤ ካር» መኪና አለኝ ነው። «አይቭ ጎትን ኤ ካር» መኪና ገዛሁ፣ አገኘሁ ነው። «ኢትስ ጎትን ኮልድ» እየበረደ መጥቷል ነው። እንግሊዞች ለሁሉም «ጎት» ይላሉ። አንቺ የለመድሽውን ያዢ፤ ሆቴሉ የሚጽፋቸው ነገሮች ላይ ግን እንግዶቹ ከየትም ስለሚመጡ «ጎትን»ን ባታስገቢ ይሻላል።

የመጨረሻዋ «ሃቭ ጎት» ናት። እዚህ ውስጥ ማግኘትም መግባትም የለም፤ «አለ» ብቻ ነው። አንድ ሰው ሻንጣውን አስቀምጦ «ሃቭ ዩ ጎት ኤ ሩም ፎር ቱናይት?» ካለሽ ለዛሬ ማታ ክፍል አለ ወይ ነው የሚልሽ። እንግሊዛዊ ሳይሆን አይቀርም። ካለሽ «የስ፣ ዊ ሃቭ» በይው፤ ከዚያ ፓስፖርቱን ተቀበዪ።